ብላቴን ጌታ ኅሩይና የወዳጅ ጠባይ

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወዲያና ወዲህ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ በምሳ ሰዓት ገብቶ ጥቂት የተቀመጠ ሰው፣ ወጣቶቻችን ዛሬ የሚጫወቱትን አንድ ጨዋታ ሳይሰማ አይወጣም። ጨዋታው የባልንጀራን ጠባይ መገመት ነው። አንዱ ዘወትር ማኪያቶውን ይዞ ከጥግ ይቀመጣልና ወደ ውስጥ የሚያስብ ዝምተኛ ነው ይሉታል። ሌላዋ ገና ከበሩ ሳትደርስ ድምፅዋ ይሰማልና ብቻዋን መዋል የማትችል ናት ይሏታል። ሦስተኛው ሒሳብ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ይቆጥራልና ሥርዓት ወዳድ ተብሎ ይመዘገባል። ይኸ ሁሉ ተደምሮ በአራት የላቲን ፊደሎች ይታሰርና ለሰውየው ስም ይወጣለታል። ከመገናኛና ከገርጂ በታክሲ ተጋፍተው የመጡ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በዚህ ዓይነት አንዱ ሌላውን ሲመድብ ሰምተናል፤ እኛም ሳንመደብ አልቀረንም። ምድባችንን ግን አንባቢን ስለማይጠቅም እናልፈዋለን።

የጨዋታው ምንጭ የታወቀ ነው። ካርል ጉስታቭ ዩንግ የተባለው የስዊስ አገር ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓመተ ምሕረት ስለ ሰው ጠባይ ዓይነቶች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ሰዎችን ወደ ውስጥ ያዘነበሉና ወደ ውጭ ያዘነበሉ ብሎ ከከፈለ በኋላ፣ አሳብን፣ ስሜትንና የመሳሰለውን እየጨመረ ክፍሎቹን አበዛቸው። ካትሪን ብሪግስ የተባለች አሜሪካዊትና ልጅዋ ኢዛቤል ማየርስ ደግሞ ይኸንኑ ወስደው አሥራ ስድስት ዓይነት ጠባይ የሚለይ የመጠይቅ ፈተና አዘጋጁ። የዛሬ ሊቃውንት ፈተናውን እምብዛም አያምኑትም፤ ምክንያቱም ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲጠየቅ ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በቡና ቤት ግን ፈተናው እንደ ተከበረ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሰው ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ባሕርያት የተፈጠረ መሆኑን ሲያስተምሩ ኖረዋል። የዐውደ ነገሥት ቆጣሪውም የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ ኮከቡን ይነግረዋል። እንግዲህ አራቱ ባሕርያት በአራት ፊደሎች ተተክተዋል ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

ይኸን ጨዋታ በሰማን ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉናል። የዩንግ መጽሐፍ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ማለት በ1915 ዓ.ም.፣ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ እገልጣለሁ ብለው በአዲስ አበባ መጽሐፍ ያሳተሙ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። የመጽሐፉ ስም «ወዳጄ ልቤ» ይባላል፤ ጸሐፊው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ዩንግንም እርሳቸው የሚያውቁት አይመስለንም፤ እርሳቸውንም ዩንግ አያውቃቸውም። ስለዚህ ዛሬ የእኒህን ሰው ሕይወት፣ በተለይም ወዳጅን በመመዘን ረገድ የገጠማቸውን ነገር፣ ለወጣት አንባቢዎቻችን ለመተረክ አስበናል።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። በተወለዱበት አገርና በሰላሌ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ትውልዳቸው ከታላላቅ ቤት አልነበረም። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ያልሆነ ሰው ከፍ ለማለት ወይ ጦር ሜዳ ወይ ብዕር ያስፈልገው ነበርና፣ የእርሳቸው ዕድል በብዕር በኩል ወጣ። ኅሩይ ማለት በግእዝ የተመረጠ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ስሙ ከሥራቸው ጋር መግጠሙን ሳያነሣ አያልፍም።

ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ በ1903 ዓ.ም. በለንደን ዘውድ ሲጭን፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መሪነት ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክት ጋር ኅሩይ አብረው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ። ይኸ ትንሽ ሥራ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። አገሪቱ ምን እንደ ጻፈች በአንድ ላይ ቆጥሮ ለማሳተም ያሰበ ሰው፣ የሌላውን አገር ቤተ መጻሕፍት ባየ ዓይኑ ወደ ራሱ ቤት የተመለከተ መሆን አለበት። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ በደጃዝማች ናደው ከሚመራው መልእክት ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከፕሬዚደንት ዊልሰን ፊት ቀረቡ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጐበኙ ከተከታዮቻቸው አንዱ ነበሩ።

በመካከሉ በአገር ውስጥ የያዙዋቸው ሁለት ሥራዎች ለነገራችን ይበልጥ የሚጠቅሙ ይመስለናል። አንደኛው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹመት ነው፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚያየው የልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት ነው። ማዘጋጃ ቤት የዋለ ሰው የከተማን ጠባይ ያውቃል። ፍርድ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ፣ ያውም የግሪኩንና የአርመኑን ነጋዴ ከአገር ተወላጁ ነጋዴ ጋር፣ የፈረንሣዩን ዜጋ ከአገሬው ባለ ርስት ጋር ሲያከራክር የዋለ ሰው፣ የሰውን ነገር ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከእጁ፣ ከዓይኑና ከአቀማመጡ ጭምር ማንበብ ይለምዳል። የኅሩይ መጻሕፍት ከእነዚህ ወንበሮች ላይ የተነሡ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያ 1915 ዓ.ም. የተባለው ዓመት ለእርሳቸው የመከር ዓመት ነበር። ከ«ወዳጄ ልቤ» ጋር «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ይኸውም በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የታሰበ፣ የሞቱ ታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የሚናገር ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ አንባቢ አንድ ነገር ሳይገነዘብ አይቀርም። በአንደኛው ሰው በዓይነት ይታያል፤ ጠባይ ራሱ ሰው ሆኖ ይቆማል፤ ሊቃውንትም የእንግሊዛዊውን የጆን ቡንያንን የጉዞ ምሳሌ ይመስላል ይላሉ። በሁለተኛው ግን ሰው በስሙ፣ በአባቱ፣ በአገሩና በሠራው ሥራ እየተጠራ አንድ በአንድ ያልፋል፤ ምድብ የለውም። ሁለቱም በአንድ እጅ በአንድ ዓመት መውጣታቸው ያስደስተናል። የትኛው ይበልጣል የሚለን ቢኖር፣ እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ ምሳሌው ይረሳ ይሆናል እንጂ ያን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያንን ዘመን የሚያጠና ተማሪ እምብዛም አይገኝም።

ሰው በዕለት ኑሮው የሚያሳየው ነገር እንዴት እንደሚያሳስት ደግሞ ኅሩይ ራሳቸው በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለድ አሳይተዋል። ባለታሪኩ አወቀ ውጭ አገር ተምሮ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለሳል። ለቅሶውን፣ ተዝካሩንና የሠርጉን ድግስ ግን ዘመዶቹ በሚፈልጉት ልማድ አልፈጽምም ይላል። በዚህም የተነሣ ከአገሬው ጋር ይጋጫል። ያልጮኸ አላዘነም፣ ያልደገሰ አላከበረም የሚለው ፍርድ በአገራችን ቀላል ፍርድ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን በሲ ኤም ሲና በአያት ድንኳኖች ሥር ይሰማል። ኅሩይ ግን ልጁን ልበ ደረቅ አድርገው አልሳሉትም፤ ኀዘኑ ሌላ መንገድ እንዳለው አድርገው ሳሉት እንጂ። ወግ አጥባቂ ከሆነው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጡ፣ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ሰው ይኸን መጻፋቸው ድፍረት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሥራው፣ አጥብቀን ካየነው፣ ያው የቡና ቤቱ ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ የሚገመተው ባልንጀራ መንግሥት መሆኑና ሲሳሳቱ የሚከፈለው ዋጋ ሌላ መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ጎረቤቶች እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ ነበሩ፤ ሦስቱም በቅኝ ግዛት የከበቡን ነበሩና፣ ከእነርሱ ውጭ ወዳጅ መፈለግ ግድ ነበር። ከነጮች ያልሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ያላጣ፣ ኃያል ሩስያን በጦር ድል የመታ አንድ አገር በሩቅ ምሥራቅ ይታይ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅም የጃፓን ሕገ መንግሥት በምሳሌነት አገልግሏል።

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ኅሩይ ልጅ አርአያ አበበን፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምንና ዳባ ብሩን አስከትለው ወደ ጃፓን ተጓዙ። በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ አንድ ወር ያህል በባሕር ሄደው በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ኮቤ ወደብ ደረሱ። አቀባበሉ ያማረ ነበር። ሕፃናት ባንዲራ እያውለበለቡ ተቀበሏቸው፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በቤተ መንግሥታቸው አነጋገሯቸው፤ ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጥንታውያን ከተሞችን ሁሉ አሳይዋቸው። ኅሩይም እንደ ልማዳቸው ማስታወሻ ያዙ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ፤ መጽሐፉ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል።

የመጽሐፉ ስም ብቻ የጸሐፊውን ልብ ይነግረናል፤ የብርሃን ማደሪያ የሆነች አገር ማለት ነውና። ሁለቱ አገሮች ጥንታዊ የዘውድ ሐረግ ያላቸው መሆናቸውን፣ ልማዳቸውም የሚመሳሰልበት ቦታ መኖሩን አዩ፤ አንድ ሰው አዲስ ባልንጀራ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ይኸንኑ መመሳሰል ነው። ትሕትናው፣ እጅ መንሻው፣ ለእንግዳ የሚደረገው ጥንቃቄ በመርሐ ቤቴና በሰላሌ ላደገ ሰው እንግዳ አልነበረም። ቤቱ የገባ ያህል ሆኖ ሳይሰማቸው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቀን መቍጠር ያስፈልጋል። ጃፓን በማንቹሪያ ጦርነት የከፈተችው መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ መልእክተኞች ኮቤ ሲደርሱ ጦርነቱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። እንግዳው በሳሎኑ ሲስተናገድ፣ ባለቤቱ በጓሮው በኩል የጎረቤቱን አጥር ይነቅል ነበር ማለት ነው። ለእንግዳ የሚደረገው ነገር የአስተናጋጁን ጠባይ ይገልጣል፤ ለጎረቤት የሚደረገውም እንዲሁ ይገልጣል። ኅሩይ የመጀመሪያውን በደንብ አዩ። ሁለተኛውን ሰምተው እንደሆነ የሚክዱት አይመስለንም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ችግር ከሮማ በኩል እንጂ ከቶኪዮ በኩል የሚመጣ አልነበረምና፣ ሚዛኑን ወደ ወዳጅነት ማድላታቸው አያስገርምም። እኛም በወንበራቸው ብንሆን ከዚህ የተለየ እናደርግ ነበር ለማለት አንደፍርም።

ወዳጅነቱ በጋብቻ ሊጠናከር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጅ አርአያ አበበ የጃፓን ሚስት ለማግባት አስበው፣ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ታጩ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሰማ፤ ሮማም ተቈጣች። በመጨረሻ በ1926 ዓ.ም. ገደማ ጋብቻው ፈረሰ። በአዲስ አበባ ገበያ ግን የጃፓን አቡጀዲ ሌላውን ሁሉ አሸንፎ ይሸጥ ነበር፤ ይኸም ሲታይ ባልንጀራችን ወዳጅም ነጋዴም እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ፈተናው መጣ። ኢጣሊያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራርማ ነበር። ስድስት ዓመት ከጥቂት ወር እንዳለፈ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ጥይት ተተኮሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ለሙሶሊኒ መንግሥታቸው በኢትዮጵያ ጉዳይ ፖለቲካዊ ፍላጎት እንደሌለው ነገሩት። ይኸ ሲሰማ በጃፓን ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ቁጣ ተነሣ፤ ለኢትዮጵያ ሰይፍ የላኩ፣ ልዝመት ብለው የጠየቁ ጃፓናውያን ነበሩ። ይኸ መዘንጋት የለበትም። ባንዲራ ያውለበለቡት ልጆችና እንግዳውን ያከበሩት ሰዎች የውሸት አልነበሩም፤ ኅሩይም ሲያዩዋቸው አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት፣ መሳሳት ካልነው፣ ያዩት ሕዝብና ያላዩት መንግሥት አንድ ጠባይ ያላቸው መስሏቸው ነው። ዳባ ብሩ መሣሪያ ለመለመን በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ቶኪዮ ቢላኩም ይኸ ነው የሚባል እርዳታ አልተገኘም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ኅሩይም ተከትለው ወጡ፤ ኢየሩሳሌም ደርሰው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቀረበ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን በኢጣሊያ ላይ የነበረው የንግድ ማዕቀብ ተነሣ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጃፓን በአዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ለውጣ የኢጣሊያን ወረራ ዐወቀች። ኢጣሊያም በበኩልዋ ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን መንግሥት በሚቀጥለው የአውሮፓ ዓመት ዐወቀች። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን የገፉ መንግሥታት ተስማሙ ማለት ነው።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከገደሏቸው የተማሩ ወጣቶች አንዱ የኅሩይ ልጅ፣ በካምብሪጅ የተማሩት ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ ነበሩ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ግን በሕይወት ተርፈው፣ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መልሰዋል። አባትየው ይኸን አላዩም።

ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጨረሻ ዘመናቸውን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አሳለፉ። በወጣትነታቸው የዘውድ በዓል እንግዳ ሆነው በተቀበሏት አገር አሁን ስደተኛ ሆኑ። ስለ አገራቸው ታሪክ የሰበሰቡት መጻሕፍት፣ የራሳቸው ማተሚያ ቤት፣ ያልታተመው ጽሑፍ ሁሉ በጠላት እጅ ባለ ከተማ ቀርቶ ነበር። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ያህል ነበር። ነጻነት የተመለሰው ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር በኋላ ነው።

በኅሩይ ዘመን ቦሌ ከከተማው ወጣ ያለ እርሻና ግጦሽ ነበር። ዛሬ ያንን መሬት የሞላው የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከዚሁ ቦታ ተነሥቶ ወደ ቶኪዮ፣ ናሪታ መብረር ሲጀምር፣ እርሳቸውን አንድ ወር ያህል በባሕር ያስቀመጠው መንገድ ከአንድ ቀን ብዙ የማይርቅ ሆነ።

ይኸን ታሪክ ባለፈው ሰሞን በመድኃኔ ዓለም አጠገብ በአንድ ቡና ቤት ለተቀመጡ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነግረናቸው ነበር። ወዲያው ኅሩይን ለመመደብ ተነሡ። አንደኛው ያን ያህል መጻሕፍት የጻፈ ሰው ብቸኝነት የሚወድ ካልሆነ አይሆንም አለ። ሌላዋ ለንደን፣ ዋሽንግተንና ቶኪዮ ሲመላለስ የኖረ መልእክተኛ ከሰው ውሎ የማይጠግብ ነው ብላ ተከራከረች። ከጥግ ተቀምጦ የነበረው ዝምተኛው ልጅ ደግሞ የትኛውንም ሳይደግፍ፣ «ወዳጄ ልቤ»ን የት ሊያገኘው እንደሚችል ጠየቀን። የመጽሐፉን ስምና የታተመበትን ዓመት በወረቀት ጽፈን ሰጠነው፤ የምሳ ሰዓትም አልቆ ስለ ነበር ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።